የላሟ ግሳትና የቤትዎ ወተት

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን የመኪና ጭስና የፋብሪካ ማማ ነው። በአገራችን ግን ትልቁን ድርሻ የያዘው ከብት ነው። ታዲያ ወተት እንተው ማለት ነው? አይደለም። ጥያቄው ያንኑ ወተት ከስንት ላም እናገኘዋለን የሚለው ነው።

በብዙ የከተማ ቤት ጠዋት የሚጀምረው በወተት ነው። ለትንሹ ልጅ አንድ ኩባያ፣ ለተማሪዎቹ ከዳቦ ጋር፣ ለአዋቂው ደግሞ ማኪያቶ። ወተቱ በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ የመጣም ይሁን የሰፈር ላም አርቢ ያመጣው፣ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ ውኃ ተቀላቅሎበት ይሆን? ሲፈላ ይቆራረጥ ይሆን? ዛሬ ደግሞ ስንት ገባ? አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። ይህ ወተት እጅዎ እስኪገባ ድረስ ምን ያህል ጋዝ ወደ ሰማይ ወጣ?

ጥያቄው የቅንጦት ይመስል ይሆናል። ቁጥሩን ሲያዩት ግን እንደዚያ አይደለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረገው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንዳሰፈረው፣ በ2010 አገራችን ወደ አየር የለቀቀችው ሙቀት አማቂ ጋዝ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ 65 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው፣ ማለትም ከመቶ ከ40 እጅ በላይ፣ የመጣው ከእንስሳት ነው። ትራንስፖርቱ፣ ኢንዱስትሪው፣ የኃይል ማመንጫውና ሕንፃው ሁሉ ተደምረው የዚህን ሲሶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ባላት፣ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር ይህ ሊያስደንቀን አይገባም።

ጋዙ ከየት ይወጣል?

ብዙ ሰው ይህን ወሬ ሲሰማ ፈገግ ብሎ ነገሩን ወደ ላሟ ኋላ ይወስደዋል። እውነቱ ግን በፊት ለፊት ነው። ሚቴን ከሚባለው ጋዝ አብዛኛው፣ ከመቶ 95 እጅ ገደማ የሚሆነው፣ የሚወጣው ላሟ ስታገሳና ስትተነፍስ በአፏና በአፍንጫዋ ነው።

ላም እኛ መፍጨት የማንችለውን ሣርና ገለባ ወደ ወተት የምትለውጠው በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ በሚኖሩ እልፍ አእላፍ ረቂቅ ተሕዋስያን አማካይነት ነው። የበላችውን እያመሰኳች ተመልሳ ስትውጠው እነዚህ ተሕዋስያን ያብላሉታል። ጠላ ሲጠነሰስ ጋኑ ውስጥ የሚሆነውን ያስቡት፤ ብልት ካለ ጋዝ አይቀርም። ከተሕዋስያኑ መካከል አንዳንዶቹ ሚቴን ያመርታሉ፤ ላሟም ጋዙን ማስወጣት አለባት፤ ካልወጣላት ሆዷ ተነፍቶ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ግሳቷ በሽታ ወይም ጉድለት ሳይሆን ተፈጥሮዋ ነው።

የሚቴን ጉዳይ ሁለት ገጽ አለው። መጥፎው ገጽ ኃይሉ ነው። በ100 ዓመት ሒሳብ አንድ ኪሎ ሚቴን 27 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት ያምቃል፤ በ20 ዓመት ሒሳብ ደግሞ ከ80 ኪሎ ጋር ይስተካከላል። መልካሙ ገጽ ዕድሜው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ለዘመናት ሲቆይ፣ ሚቴን ግን በ12 ዓመት ገደማ ውስጥ በአብዛኛው ይበተናል። ዛሬ የሚቀነስ ሚቴን፣ አሁን አንደኛ ክፍል ያለው ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሳይጨርስ ጥቅሙ ይታያል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ላሟ ከምትበላው መኖ ውስጥ ካለው ጉልበት ከመቶ 6 እጅ ያህሉ ሚቴን ሆኖ ይወጣል። መኖው ደካማ ከሆነ ብክነቱ ይብሳል። አርቢው በውድ ገንዘብ የገዛው መኖ በከፊል ወተት ሳይሆን አየር ይሆናል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

የሱቅ ኪራይ ሒሳብ

ይህን ጉዳይ በደንብ ለመረዳት ላሟን እንደ ሱቅ ያስቧት። ሱቅ የከፈተ ሰው አንድ ዕቃ ሸጠም መቶ ሸጠ፣ ኪራዩ ያው ነው። ብዙ ከሸጠ ኪራዩ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚደርሰው በሳንቲም ነው፤ አንድ ዕቃ ብቻ ከሸጠ ግን የወሩ ኪራይ በሙሉ በዚያች አንድ ዕቃ ላይ ያርፋል። በንግድ ቋንቋ ይህ ቋሚ ወጪ ይባላል።

የላሟ ቋሚ ወጪ በሕይወት ለመቆየት የምትበላው መኖ ነው። ወተት ብትሰጥም ባትሰጥም ትበላለች፤ ስትበላ ታመሰኳለች፤ ስታመሰኳ ታገሳለች። አብዛኞቹ የአገራችን ነባር ዝርያ ላሞች በቀን የሚሰጡት ወተት በአማካይ ከአንድ ሊትር ተኩል አይበልጥም፤ እሱም ከወለዱ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። አንዲት ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን ለመውለድ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ትቆያለች፤ ከአንዱ ጥጃ እስከ ሌላው ሁለት ዓመት የሚጠጋበትም ጊዜ ብዙ ነው። በእነዚያ ባዶ ዓመታት ሁሉ «ኪራዩ» ይቆጠራል።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከኒውዚላንድ የግብርና ሙቀት አማቂ ጋዝ ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጥናት ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። በኢትዮጵያ አንድ ኪሎ ወተት (አንድ ሊትር ገደማ ማለት ነው) በአማካይ 24.5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥን ጋዝ ያስከትላል። በአነስተኛ የንግድ እርባታዎች ግን ቁጥሩ ወደ 8.7 ይወርዳል። በመካከለኛ የንግድ እርባታዎች ደግሞ 3.8 ይሆናል። ድርጅቱ በሌላ ሪፖርቱ ለ2015 ያሰላው የዓለም አማካይ 2.5 ኪሎ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ዕለት ኑሮ ለማምጣት ያህል፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በሰሉልታ፣ በሰበታ፣ በሆለታ ወይም በቢሾፍቱ ካለ የንግድ እርባታ የመጣ አንድ ሊትር ወተት፣ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ አራት ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ከማቃጠል ጋር የሚመጣጠን አሻራ አለው ማለት ነው። በአገር አማካይ ሲታይ ግን ከአሥር ሊትር ቤንዚን ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታብዎ። በደንብ የምትበላ የተዳቀለች ላም በቀን የምታወጣው ጋዝ ከነባሯ ላም ይበልጣል፤ ብዙ ስለምትበላ። የሚቀንሰው በእያንዳንዱ ሊትር ላይ የሚደርሰው ነው። ስለዚህ አርቢው ምርታማ ላም አስገብቶ የማይወልዱትንና ያረጁትን ሳያስወጣ ቢቀር፣ አጠቃላዩ ልቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሕዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ወተትን በየቤቱ ማዕድ ለማድረስ ያለመ ነው። ተጨማሪው ወተት ከተጨማሪ ከብት ይመጣል ወይስ ከተሻለ ላም? የአየሩ ሒሳብ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

ነባሯን ላም ግን አንውቀሳት

ቁጥሩን ብቻ አይቶ የገጠሯን ላም ጥፋተኛ ማድረግ ይቀላል፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በሆለስቲያን ላምና በአርሲ ወይም በፎገራ ላም መካከል የሥራ ልዩነት አለ። የውጪዋ ላም ሥራዋ ወተት ብቻ ነው። የእኛዋ የሚያርስ በሬ ትወልዳለች፤ እበቷ ኩበት ሆኖ እንጀራ ይጋግራል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ተሽጣ የትምህርት ቤትና የሐኪም ወጪ ትሸፍናለች። ለአርሶ አደሩ ባንክም ናት። ልቀቱን ሁሉ በወተቷ ላይ ብቻ ብንጭነው ሒሳቡ ይከብድባታል።

የቦረና ላም ደግሞ እህል በማይበቅልበት ምድር ሣርና ቁጥቋጦን ወደ ምግብ የምትለውጥ ናት። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ በአገራችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አልቀዋል። የዓለምን አየር በማሞቅ ረገድ የአንድ አርብቶ አደር ቤተሰብ ድርሻ ከአንድ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ቤተሰብ ጋር አይወዳደርም። ጉዳቱ ግን ቀድሞ የደረሰው እሱ ደጃፍ ነው።

ስለዚህ ልቀቱን መቀነስ የሚያስፈልገን ሌላው ዓለም ስለጠየቀን ብቻ አይደለም። ልቀቱን የሚቀንሰው ሥራና የአርቢውን ገቢ የሚጨምረው ሥራ አንድ ስለሆነ ነው። ብዙ ልጅ ወተት የሚያገኘውም በዚያው መንገድ ነው።

መፍትሔው ከግርግሙ ይጀምራል

ዴንማርክ ከ2030 ጀምሮ በከብት ልቀት ላይ ታክስ ለማስከፈል በ2024 ተስማምታለች። አውሮፓና አሜሪካ ደግሞ ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ ሚቴኑን በ30 ከመቶ ገደማ የሚቀንስ 3-ኤንኦፒ የተባለ ውሕድ ፈቅደዋል። ይህ ውሕድ ግን በየቀኑ በተመጠነ መኖ ለሚቀለቡ ላሞች የሚመች ነው፤ ሜዳ ላይ ለምትግጥ ላም አይመችም። እኛ ጋ ከዚያ በፊት ሊሠራ የሚችል ብዙ ቀላል ነገር አለ።

የመጀመሪያው መኖ ነው። ደረቅ የስንዴና የጤፍ ጭድ ብቻ የምትበላ ላም ሆዷ ይሞላል እንጂ አትጠግብም፤ ብዙ ታገሳለች፣ ጥቂት ትታለባለች። ጭዱን መከተፍ፣ በዩሪያ አክሞ ማለስለስ፣ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር መቀላቀል ለውጥ ያመጣል። በአጥር ዙሪያና በእርከን ላይ ደሾ ሣር፣ የዝሆን ሣርና አልፋልፋ መትከልም እንዲሁ። ደሾ የእኛው አገር በቀል ሣር ነው፤ አፈር ይይዛል፣ ላምም ይቀልባል።

ሁለተኛው ዝርያ ነው። በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል አዲስ ነገር አይደለም፤ ቃሊቲ የሚገኘው ብሔራዊ ማዕከል አባላዘር ማሰራጨት ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ከመቶ ከብቶቻችን ከ95 በላይ የሚሆኑት አሁንም ነባር ዝርያ ናቸው። ዝርያ ያለ መኖም ዋጋ የለውም። የተዳቀለችን ላም ጭድ ብቻ መመገብ፣ ትልቅ ሞተር ገዝቶ ነዳጅ እንደመከልከል ነው።

ሦስተኛው ጤና ነው። ቶሎ የምትወልድ፣ ጥጃዋ የማይሞትባት፣ የጡት በሽታ የማያጠቃት ላም ባዶ ወራቷ ያጥራሉ። ክትባትና ንጹሕ በረት የአየር ንብረት ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

አራተኛው እበቱ ነው። እበት ሜዳ ላይ ወድቆ ሲደርቅ የሚያወጣው ሚቴን ጥቂት ነው። በከተማ ዙሪያ ባሉ እርባታዎች ግን ከውኃ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም አየር አያገኝምና ሚቴን ያመርታል። ያንኑ ጋዝ በባዮጋዝ ጉድጓድ ይዞ ምድጃ ላይ ማንደድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ለገጠር ቤተሰቦች ያስተዋወቀው ይህንን ነው፤ አራት ገደማ ከብት ያለው ቤተሰብ ለማብሰያና ለመብራት የሚሆን ጋዝ ሊያገኝ ይችላል። የተረፈው ዝቃጭ ደግሞ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ጾም ሲገባስ?

በአገራችን የወተት ገበያ ላይ እንደ ጾም ከባድ ነገር የለም። ብዙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን አጽዋማት ደምረው በዓመት 180 ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከወተት ይርቃሉ። ሰው ይጾማል፤ ላሟ ግን አትጾምም። መታለቧ አይቀርም፣ ማመስኳቷም አይቀርም። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ገዢ ያጣ ወተት ቶሎ ቅቤና አይብ ካልሆነ ወይም ማቀዝቀዣ ካላገኘ ይበላሻል። የተደፋ ወተት ደግሞ ልቀቱ ወጥቶ ያለቀ፣ ጥቅሙ ግን ማንም ጋ ያልደረሰ ወተት ነው።

በሌላ በኩል የጾም ማዕዳችን ዓለም ዛሬ በውድ የሚገዛውን ነገር ከጥንት ጀምሮ ይዞታል። የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ መጠጥና የኑግ ልጥልጥ የዚህ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሞ በሰፊው የሚጠቀስ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ሊትር የላም ወተት በአማካይ 3 ኪሎ ገደማ ልቀት ሲያስከትል የአኩሪ አተር ወተት ግን 1 ኪሎ ገደማ ነው። በማኪያቶዎ ውስጥ ያለውን ወተት አንዳንድ ቀን በዚህ ቢለውጡ አይጎዱም።

የልጆች ኩባያ ግን አይነካ

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያው ለልጆቹ ወተት ልቀንስ» ብለው ካሰቡ፣ እባክዎ እዚህ ላይ ይቁሙ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት መካከል 37 ከመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ወተት ለታዳጊ ልጅ ፕሮቲንና ካልሲየም በአንድ ኩባያ የሚሰጥ ምግብ ነው። የእኛ አገር ችግር ብዙ ወተት መጠጣት አይደለም፤ ብዙ ልጆች ጭራሹን አያገኙም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፣ እስከ አንድ ዓመት ደግሞ የላም ወተት ዋና መጠጥ እንዳይሆን የሚለውን የሐኪም ምክር ጠብቀው፣ ከዚያ በኋላ ለልጅዎ ወተት ሲሰጡ ቅር አይበልዎ። መቆጠብ ያለብን ከልጅ ኩባያ ሳይሆን ከሚደፋው ነው።

ከቤትዎ የሚጀምሩ አምስት ነገሮች

1. የሚበቃዎን ያህል ብቻ ይግዙ። በቤት ውስጥ ከሁሉም የሚልቀው ቁጠባ ወተት አለማበላሸት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ሁለት ሊትር ገዝቶ አንዱን ከመድፋት በየቀኑ አንድ አንድ ሊትር መግዛት ይሻላል። ከአርቢ የመጣ ጥሬ ወተት እንደደረሰ ያፍሉት፤ ሲበርድም ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት።

2. ጊዜው ሳያልፍ መልኩን ይለውጡት። ነገ እንግዳ የለም፣ ልጆቹም አልጠጡትም? ገና ደህና ሳለ እርጎ ያድርጉት። የአያቶቻችን ዘዴ ለማቀዝቀዣ ዘመንም ይሠራል።

3. አርቢዎን ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። «ላሞቹ ምን ይበላሉ? አንዷ በቀን ስንት ትታለባለች?» መልሱ የወተቱን ጥራትም፣ የአየሩን ሒሳብም ይነግርዎታል። ደህና የምትበላ ላም ያለው አርቢ ጥያቄው ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም።

4. በጾም ወቅት ደንበኛዎን አይርሱት። እርስዎ ቢጾሙም በቤትዎ የማይጾሙ ሕፃናት ካሉ፣ ከዚያው አርቢ መግዛትዎን ይቀጥሉ። ለፋሲካ የሚሆን ቅቤም በጾሙ ወራት ቀድመው ይዘዙት፤ ለእሱ ወተቱን ያድንለታል፣ ለእርስዎም ከበዓል ሰሞን ግርግር ይሻላል።

5. አረንጓዴ ቀለም አያታልልዎ። የምሠራው በገበያ ሥራ ላይ ነውና ይህን በልበ ሙሉነት እነግርዎታለሁ። ማሸጊያ ላይ ቅጠልና ሜዳ መሳል ወጪው የሠዓሊው ብቻ ነው። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ስለ ልቀት ምንም አይነግርዎትም። አንድ ድርጅት የላሞቹን መኖ፣ የቀን ምርታቸውንና እበታቸውን ምን እንደሚያደርገው በግልጽ ከጻፈ ግን እሱ መረጃ ነው።

ገጠር ያለ ዘመድ ካለዎት ደግሞ ስድስተኛ አለ። ለበዓል ሲሄዱ ይዘው ከሚሄዱት ስጦታ ጋር የአልፋልፋ ዘር ወይም የደሾ ችግኝ ይጨምሩበት። አምስት የከሱ ላሞች ካሉት አጎትዎ ጋርም ቡና እየጠጡ ሒሳቡን አብረው ያስሉት። ሁለቱን ሸጦ የቀሩትን ሦስቱን በደንብ ቢቀልብ ወተቱ ይቀንስበታል ወይስ ይጨምርለታል? ብዙውን ጊዜ መልሱን ራሱ አጎትዎ ከእርስዎ ቀድሞ ያውቀዋል። የጎደለው የመኖው ዘር ነው።